ድረ ገጹ ከመመረቁ በፊት ባለቤቱ ይየው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት፣ ለአመራሮችና ለአጋር አካላት የቀረበ ንግግር)







የኅብረት ሥራ ማኅበር በዓሉን ሲያከብር የሰበሰበውንና የሸጠውን ኩንታል፣ ለአባላቱ ያከፋፈለውን ትርፍ፣ የሠራውን መጋዘን ይቆጥራል። ይህ ተገቢ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ወደፊት የሚመጣ ሥራ ነው። በአገሪቱ ያሉ አንዳንድ ዩኒየኖች ምርታቸውን ለገዥ የሚያስተዋውቁበት፣ ለአባሎቻቸውም ዋጋና ማስታወቂያ የሚያደርሱበት ድረ ገጽ ከፍተዋል። ሌሎችም ለመክፈት ያስባሉ። በ1991 ዓ.ም. እንደተመሠረተው እንደ ኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ምርቱን በቀጥታ ለውጭ አገር ለሚሸጥ ማኅበር፣ ድረ ገጽ ሩቅ ያለ ገዥ የሚያንኳኳው በር ነው። ለዋግ ኽምራ ማር፣ ለአበርገሌ ፍየል፣ ለተከዜ ዓሣም እንዲህ ያለ በር ቢከፈት ጥቅሙ አያጠያይቅም።

ሆኖም አንድ ጥያቄ አለ። ይህ በር ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ማን ይሞክረዋል? ማንስ «ይህ አልገባኝም» ይላል? አዘጋጁ ባለሙያ ነው? ሥራ አመራር ቦርዱ ነው? ወይስ ማር የሚያስረክበው አባል? «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል ያገር ሰው። የዚህ ንግግር መልእክት በአጭሩ ይኸው ነው፤ ድረ ገጽ ከተመረቀ በኋላ ከሚመጣ ወቀሳ፣ ከመመረቁ በፊት የሚሰበሰብ አስተያየት በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ዘሩ ታይቶ እንደሚዘራ

ይህ ሐሳብ ለዋግ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ከማስፋፋታቸው በፊት በአርሶ አደር ማሳ ላይ ጎን ለጎን ዘርተው የሚያስመርጡበት አሠራር አላቸው። ተመራማሪው በሄክታር የተገኘውን ኩንታል ይመዝናል። አርሶ አደሩ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ቢያቆም ይደርሳል ወይ፣ ገለባው ለከብት ይሆናል ወይ፣ ወፍ አያጠፋውም ወይ፣ እንጀራው ይለሰልሳል ወይ እያለ ያያል። ባለሙያው ያልጠየቀውን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ተጠቃሚው ነው።

ከዚህ ብዙ ሳይርቅ የተሠራ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በአማራ ክልል ገረገራ፣ በትግራይ ሐገረ ሰላም በተባሉ ቦታዎች 400 የስንዴ ዓይነቶች ተዘርተው 60 አርሶ አደሮች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ነጥብ ሰጡ። ቶሎ መድረሱን፣ ቅርንጫፍ ማውጣቱን፣ የዛላውን ጥራትና አጠቃላይ ቁመናውን አንድ በአንድ መዘኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት ሲታተም የአርሶ አደሩ ዓይን ከመለኪያ መሣሪያው ጎን እንደ መረጃ ተቆጠረ። ማንም «ስንዴው ያምራል ወይ?» ብሎ በጥቅሉ አልጠየቃቸውም። የተጠየቁት ነገር በስም የተለየ ነበር፣ የሰጡትም መልስ በነጥብ ተመዘገበ።

ድረ ገጽም ከዚህ አይለይም። በቢሮ ውስጥ የተዘጋጀ ዝርያ ነው ቢባል ያስኬዳል። ማሳ ላይ ሳይታይ በሁሉም ቀበሌ ቢዘራ የሚደርሰው ጉዳት ይታወቃል።

ሳይሞከር የተመረቀ ነገር

አስተያየት ሳይሰበሰብ የሚከፈት ድረ ገጽ ምን ይገጥመዋል? ገንዘብም ባለሙያም ያልቸገረው አገር የገጠመውን ማየት ይበቃል። የአሜሪካ መንግሥት ዜጎች የጤና መድን የሚገዙበትን ድረ ገጽ በመስከረም 2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ከፈተ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጥቶበታል። በመጀመሪያው ቀን ሚሊዮኖች ሊጎበኙት መጡ፤ ቀኑ ሲያልቅ ግን ምዝገባውን ከዳር ያደረሱት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በኋላ ሥራ ተቋራጮቹ ለአገሪቱ ምክር ቤት ሲያስረዱ፣ ሥራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዞ የተፈተሸው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው እንደነበር ተናገሩ። ቀኑ አስቀድሞ ስለተቆረጠ ቀኑ አልተገፋም፤ የተገፋው ፍተሻው ነበር።

ለዩኒየን ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ትልቁ ካፒታሉ አመኔታ ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከላይ ተነድፈው የወረዱ ስለነበሩ፣ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ፈረሱ። አባሉ የራሴ ነው ያላለውን ነገር ለመተው ጊዜ አልወሰደበትም። ዛሬ ያሉት ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በአባላት ፈቃድ የቆሙ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ያለው የሚወስንባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ማኅበር በአባሉ ስም የሚከፍተውን ድረ ገጽ ለአባሉ ሳያሳይ ቢከፍት፣ የቀድሞውን ስሕተት በአዲስ መሣሪያ እንደመድገም ይሆናል።

መረጃ በሚሰማበት መንገድ

ሰቆጣ ጥንት የአሞሌ ጨው ንግድ መተላለፊያ የነበረች የገበያ ከተማ ናት። ያኔ ዋጋ የሚሰማው ከነጋዴ አፍ ነበር፤ የሰማውም ያልሰማውም በአንድ ገበያ ይገናኝ ስለነበር ቀድሞ የሰማው ይጠቀም ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሊያጠብበው የሞከረው ይህንኑ ልዩነት ነው። በገበያ ከተሞች የዋጋ ማሳያ ሰሌዳ ተከለ፣ በስልክም ዋጋ አሰማ። ያኔ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም ደግሞ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከግብርና ምርምርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በ2006 ዓ.ም. በ8028 ነጻ የስልክ ጥሪ ለአርሶ አደሩ የግብርና ምክር መስጠት ጀመረ።

ከ8028 ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፅ ከጽሑፍ እንደሚቀድም ነው፤ አርሶ አደሩ ተራ ስልኩን ይዞ ቁጥር እየተጫነ ይሰማል፣ ኢንተርኔትም ውድ ስልክም አይጠይቀውም። ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። አገልግሎቱ ሲጀምር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። በዋግ ኽምራ ደግሞ ኽምጥኛ አፉን የፈታበት አባል ብዙ ነው። ለእሱ አማርኛ የገበያና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነው እንጂ የቤቱ አይደለም። ስለዚህ ድረ ገጽ ሲታሰብ በስንት ቋንቋ፣ በድምፅ ወይስ በጽሑፍ የሚለው ጥያቄ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። መልሱ የሚገኘው ተጠቃሚው ሲሞክረው ነው።

«ጥሩ ነው» አስተያየት አይደለም

አስተያየት ይሰብሰብ ሲባል የሚቀናው መንገድ ሰዎችን አዳራሽ ጠርቶ በግድግዳ ላይ እያሳዩ «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። «ጥሩ ነው፣ በርቱ፣ እግዜር ይስጥልን» ይባላል፤ ጭብጨባ ይከተላል። የዋግ ሰው የደከመበትን ሰው ፊት ለፊት አያሳፍርም። ይህ የጨዋነት ወግ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ሥራውን ግን አያርመውም። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥንም ቢሆን መጻፍ የሚችልና የሚደፍር ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ነው።

«ዝም አይነቅዝም» የሚባል አባባል አለ። ለሽማግሌ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ለአዲስ ሥራ ግን ዝምታ ጎተራ ውስጥ እንደገባ ነቀዝ ነው፤ ከላይ ሲያዩት እህሉ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ተበልቷል።

መድኃኒቱ ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ወደዳችሁት ወይ?» ማለት ቀርቶ «ይህን ሥሩበት» ማለት ያስፈልጋል። ሰው በአፉ ቢያሞግስም እጁ አይዋሽም። የት እንደቆመ፣ የቱን ሁለት ጊዜ እንደነካ፣ መቼ ስልኩን ለልጁ እንዳቀበለ የሚያየው ሰው ትክክለኛውን አስተያየት አገኘ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ከድሃና ወይም ከጋዝጊብላ ማር የሚያስረክቡ አንዲት እናት ስልኩ ተሰጥቷቸው «ዛሬ ማኅበሩ ማር በስንት እንደሚገዛ እስቲ ይፈልጉ» ቢባሉ፣ መጀመሪያ የቀፎውን ፎቶግራፍ ይነካሉ። ፎቶግራፉ ግን የትም አይወስዳቸውም። ቀጥለው «ምርቶቻችን» የሚለውን ከፍተው ከብዙ ጽሑፍ በታች «የማር ዋጋ» የሚል ያገኛሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ይህ ለእኔ የሚከፈለኝ ነው ወይስ እናንተ የምትሸጡበት?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከሙሉ አዳራሽ ጭብጨባ ትበልጣለች። ገጹ ላይ የሰፈረው የመሸጫ ዋጋ ሆኖ ሳለ አባሉ የመግዣ ዋጋ መስሎት መሠረታዊ ማኅበሩ ዘንድ ቢመጣ፣ በተከፈለውና ባነበበው መካከል ያለውን ልዩነት ማን በላው ይላል። የማጣሪያውን፣ የማሸጊያውንና የመጓጓዣውን ወጪ የሚያስረዳው እስኪመጣ ድረስ ሐሜቱ ሦስት ቀበሌ ያዳርሳል። ከምርቃት በፊት ቢሆን ኖሮ ግን የሁለት ቃል እርማት ይበቃው ነበር።

እንዴት ይሠራ?

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ደረጃ በደረጃ ቢሄድ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከኮምፒውተር በፊት ወረቀት ይቅደም። የልማት ሠራተኞች ለሥልጠና በሚጠቀሙበት ትልቅ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ገጽ በእስክሪብቶ ይሣል። አባሉ በጣቱ ሲነካ ሌላ ሰው ቀጣዩን ወረቀት ያምጣለት። ወረቀት ለማረም ላጲስ ይበቃል፤ የተሠራን ድረ ገጽ ለማፍረስ ግን ውልና ክፍያ አለ። ደግሞም ሰው በእጅ የተሣለን ነገር ለመንቀፍ አይፈራም፤ ያለቀ የመሰለውን ግን ለማመስገን ይቸኩላል።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛዎቹ ሰዎች ይመረጡ። ብዙ ሕዝብ መጥራት አያስፈልግም። ጃኮብ ኒልሰን የተባሉ የዴንማርክ ተወላጅ የዘርፉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፉት ስሌት፣ አምስት ሰዎች ተራ በተራ ቢሞክሩት ከችግሮቹ ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ይገለጣሉ። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ከማስሞከር ይልቅ አምስት አስሞክሮ፣ አርሞ፣ እንደገና ሌላ አምስት ማስሞከር እንደሚሻልም መክረዋል። ይህ የሚሠራው ግን አምስቱ ተመሳሳይ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ ነው። ዩኒየን ደግሞ የተለያዩ ተጠቃሚዎች አሉት። ዘመናዊ ስልክ ያለው አባል አንድ ወገን ነው። በልጁ ወይም በማኅበሩ ጸሐፊ አንባቢነት የሚሰማው ሌላ ወገን ነው። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሠራተኛው፣ ገዥው ነጋዴ፣ የወረዳው ባለሙያም እንዲሁ ለየብቻ ናቸው። ሴቶች አባላት ለብቻቸው ቢሞክሩ ይመረጣል፤ ባል ባለበት ስልኩን የሚይዘው ባል ነውና።

ሦስተኛ፣ ሥራ ይሰጣቸው። ለአባሉ፦ የዛሬውን የመግዣ ዋጋ ፈልግ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለቀበሌህ ማኅበር መቼ እንደሚደርስ ፈልግ፤ ቅሬታ ብትኖርህ ለማን እንደምታቀርብ ፈልግ። ለገዥው፦ ስንት ኪሎ ማር እንደተዘጋጀ፣ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ፣ ማንን ማነጋገር እንደሚገባ ይፈልግ። ለኃላፊው፦ የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ይፈልግ። ሥራው የሚመረጠው ገጹ ካለው ነገር ተነሥቶ ሳይሆን ሰውየው ከሚቸግረው ነገር ተነሥቶ ነው።

አራተኛ፣ ተመልካቹ እጁን ይሰብስብ። ከባዱ ይህ ነው። ባለሙያ ሰው ሲሳሳት አይቶ ዝም ማለት ይቸግረዋል፤ «እዚህ ጋ ንካው» ማለት ይቀናዋል። ያን ጊዜ ፍተሻው ሥልጠና ሆነ ማለት ነው። ገጹ ሲከፈት በየቤቱ ቆሞ የሚያሳይ ባለሙያ የለም። ስለዚህ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ፣ ገጹን የሠራው ባለሙያ ከኋላ ተቀምጦ ይመልከት። ከመጀመሩ በፊትም «የሚፈተነው ገጹ ነው፣ እርስዎ አይደሉም፤ ያልገባዎ ነገር ካለ ጥፋቱ የገጹ ነው» ይባል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር የብዙ ሰው ላብ ያደርቃል።

አምስተኛ፣ ቦታውና ጊዜው የእውነት ይሁን። በጽሕፈት ቤት ጥላ ሥር ደምቆ የሚታይ ጽሑፍ በአበርገሌ ፀሐይ ላይ ላይታይ ይችላል። ከተማ ውስጥ ወዲያው የሚከፈት ፎቶግራፍ አውታረ መረቡ በደከመበት ቀበሌ ሳንቲም እየበላ አይከፈትም። ስለዚህ ሙከራው በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በገበያ ቀን ከሽያጭ በኋላ፣ ሰዎቹ ራሳቸው በሚይዙት ስልክ ላይ ቢሆን ይሻላል። የጊዜያቸው ዋጋም ይታሰብ፤ በመኸር ሰዓት ሰው ከአውድማ አይጠራም።

በተለይ በዚህ አካባቢ የሚታዩ ነገሮች

ሌላ ቦታ የተሠራ ንድፍ ወደ ዋግ ሲመጣ የሚሰናከልባቸው ነጥቦች ስላሉ ሞካሪዎቹ እነዚህን እንዲነኩ ሥራው መቃናት አለበት።

የቀንና የሰዓት ጉዳይ የመጀመሪያው ነው። የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ካልታዘዘ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል። «ግብአት በ8:00 ሰዓት ይራገፋል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ አባል ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት አህያውን ጭኖ ይመጣል፤ መኪናው ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አራግፎ ሄዷል። ወርን በቁጥር መጻፍም እንዲሁ ነው፤ «ኅዳር 3» ያለ ሰው አይሳሳትም፣ «3/3» ያለ ግን ያሳስታል። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር የጻፈውን አማርኛ ሌላው ትርጉም የሌለው ምልክት አድርጎ ያሳየው ነበር። ያ ችግር በአመዛኙ ተቃሏል። ሆኖም ኽምጥኛ ሲጻፍ አማርኛ የማይጠቀምባቸው ፊደላት ስላሉት፣ በአሮጌ ስልክ ላይ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ሊታይ ይችላል። ይህን የሚያውቀው ኽምጥኛ አንባቢ በራሱ ስልክ ሲከፍተው ብቻ ነው። ለማያነብ አባል ደግሞ የዕለቱን ዋጋ በኽምጥኛና በአማርኛ በድምፅ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛው የዋጋው ዕድሜ ነው። ዋጋ ያለ ቀኑ መጻፍ ካለመጻፍ ይከፋል። ሳምንት ያለፈው ዋጋ በገጹ ላይ ቢቀመጥ፣ አባሉ አምኖ ሊሸጥ ወይም ሳይሸጥ ሊቆይ ይችላል፤ በሁለቱም ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ ሲፈተሽ «ይህ ዋጋ የመቼ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱን ወዲያው ካላገኘ ገጹ አልደረሰም። ዋጋውን በየዕለቱ የሚያድሰው ሠራተኛም በስም ይታወቅ።

አራተኛው ምሥጢር ነው። የአባላት ስም ከቁጠባቸው፣ ከብድራቸውና ከስልክ ቁጥራቸው ጋር ለሁሉ በሚታይ ገጽ ላይ አይወጣም። ሞካሪው አባል «ጎረቤቴ ይህን ቢያይ ቅር ይለኝ ይሆን?» ተብሎ ይጠየቅ። ቅር የሚያሰኘው ነገር ሁሉ ይነሣ።

አምስተኛው ድረ ገጹ የማይሠራበት ቀን ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዚህ አካባቢ መብራትና ስልክ ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ የሚረሳ የለም። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን አውታረ መረብ ይጠፋል። ስለዚህ በገጹ ላይ የሚወጣው ዋጋና ማስታወቂያ በመሠረታዊ ማኅበሩ ደጃፍ ሰሌዳ ላይም በጠመኔ ይጻፍ። ድረ ገጽ ሰሌዳውን ይረዳዋል እንጂ አይተካውም።

አስተያየቱ ከተሰበሰበ በኋላ

የተሰበሰበ አስተያየት መዝገብ ውስጥ ቢያድር ሰውን ማድከም ብቻ ነው። ማስታወሻው በሦስት ይከፈል፦ ሰውን ጨርሶ ያስቆመ፣ ሰውን ያዘገየ፣ ቢሻሻል መልካም የሆነ። የመጀመሪያው ሳይታረም ገጹ አይከፈት። ሁለተኛው በተቻለ መጠን ይታረም። ሦስተኛው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ሞካሪው ያለው ሁሉ ይፈጸም ማለትም አይደለም። አንዱ ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን፣ ሌላው ቢጫ ይሁን ቢል፣ ያ የምርጫ ጉዳይ ነው። አምስቱም አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ግን ያ ምርጫ አይደለም፤ መንገዱ ላይ ያለ ጉድጓድ ነው።

ይህ እንዲሆን ገጹን ከሚሠራው ባለሙያ ጋር የሚገባው ውል ከመጀመሪያው ያካትተው። ውሉ «ድረ ገጽ ሠርቶ ማስረከብ» ብቻ ካለ፣ ከሙከራ በኋላ የሚመጣው እርማት ሁሉ ተጨማሪ ክፍያ ይሆናል። «በአባላት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ፣ ታርሞ ማስረከብ» ካለና የመጨረሻው ክፍያ ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ የሚፈጸም ከሆነ ግን ባለሙያውም ማኅበሩም በአንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ከዚያም በጠቅላላ ጉባኤ «ይህን ብላችሁ ነበር፣ ይህ ተስተካክሏል፣ ይህ ደግሞ በዚህ ምክንያት አልተቻለም» ተብሎ ይነገር። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች መካከል የአባላት ዴሞክራሲያዊ ቁጥጥርና የትምህርት፣ የሥልጠናና የመረጃ መርሆዎች ይገኛሉ። አስተያየት ሰብስቦ መልስ መመለስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይፈጽማል።

ለአመራሩ የቀረበ ጥያቄ

የተከበራችሁ አመራሮች፣ በዓል ሲመጣ የሚመረቅ ነገር ይፈለጋል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ለሕንፃና ለመጋዘን ይህ ያምርበታል። ድረ ገጽ ግን ለበዓል ማድመቂያ ተብሎ ቀን ቢቆረጥለት፣ የሚቀነሰው ሁልጊዜ የአባሉ ሙከራ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የምርቃቱ ቀን ከሙከራው በኋላ ይቆረጥ። አባላት ሞክረውት፣ ያስቆማቸው ታርሞ፣ እንደገና ሞክረውት ሲያልፉ ያን ጊዜ ይመረቅ። ቢዘገይ ወር ነው። ተቻኩሎ ቢከፈትና አባሉ አንድ ጊዜ ተሳስቶበት ቢተወው ግን ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል።

የሰቆጣ ስም በአገር አቀፍ ደረጃ ከአንድ ትልቅ ቃል ጋር ተያይዟል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ያ ቃል የሚለካው በተፈረመበት ቀን ድምቀት አይደለም፤ በየቤቱ ባለው ሕፃን ቁመት ነው። የዩኒየን ድረ ገጽም በተመረቀበት ቀን በተጨበጨበው ጭብጨባ አይለካም። የሚለካው ማር ያስረከቡት እናት ማንንም ሳይጠይቁ የሚገባቸውን ዋጋ ባወቁ ዕለት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ለእናንተም አንድ አደራ አለ። ነገ ስልክ ወይም ወረቀት ይዘው «እስቲ ይህን ሞክሩልን» የሚሉ ባለሙያዎች ቢመጡ ስለ ጨዋነት ብላችሁ «ጥሩ ነው» አትበሉ። ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ። ባለሙያው ለጊዜው ቅር ቢለውም ኋላ ያመሰግናችኋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ቃል በየማኅበሩ በዓል ይነገራል። ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር የት እንደላላ ሲታይና ሲጠብቅ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!